የፍራክ ዲዛይን ጥያቄ፦ 10 ክላስተር ከፍተን ፈሳሹ ሶስቱ ጋ ብቻ ቢገባስ?

ሼል_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። ቴክሳስ ውስጥ ፔትሮሊየም ኢንጂነሪንግ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ አገር ቤት የጨረስኩት ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ስለሆነ የድንጋይ ነገር ላይ ብዙም አይደለሁምና በቅድሚያ ይቅርታ። የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክታችን ሚድላንድ ቤዚን (ምዕራብ ቴክሳስ) ውስጥ ዎልፍካምፕ ቢ የሚባል የሼል (ዘይት የያዘ ጥብቅ ድንጋይ) ንብርብር ላይ ለሚቆፈር አንድ አግድም ጉድጓድ ሙሉ የፍራክ ዲዛይን መስራት ነው፣ ማለትም ድንጋዩን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ አሸዋ ማስገባት። አራት ሆነን ነው ምንሰራው፣ ሶስቱ ወንዶች ቁፋሮውንና ኢኮኖሚክሱን ተሻሙና ፍራኩ እኔ ላይ ወደቀ።

የተሰጠን መረጃ ጥልቀት ወደ 9,000 ጫማ፣ አግድሙ 10,000 ጫማ፣ ኬሲንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ብረት ቧንቧ) 5.5 ኢንች፣ ጠቅላላ የቧንቧው ርዝመት ጫፍ ድረስ 20,000 ጫማ ገደማ። እኔ ያሰብኩት 50 ስቴጅ (ተራ በተራ የሚሰነጠቅ ክፍል)፣ አንዱ ስቴጅ 200 ጫማ፣ በስቴጅ 10 ክላስተር (ቧንቧው ላይ የሚበሳ የቀዳዳ ስብስብ)፣ በክላስተር 6 ቀዳዳ፣ ሬት 90 በርሜል በደቂቃ፣ አሸዋ በአንድ ጫማ 2,000 ፓውንድ፣ ውሃ በአንድ ጫማ 50 በርሜል። ቁጥሮቹን ከየት አመጣሽ ብትሉኝ ከየፔፐሩ እየቃረምኩ ነው ሌላ ምን አደርጋለሁ። ፈሳሹን ክሮስሊንክድ ጄል አርጌዋለሁ አሸዋ በደንብ ይሸከማል ብዬ።

ፕሮፌሰሩ አየውና "ስልሳ ቀዳዳ?" ብሎ ሳቀ። ከዛ "አሸዋሽ የት እንደሚገባ ንገሪኝ" ብሎኝ ሄደ። ሶፍትዌሩ እኮ አስር እኩል እኩል የሆነ ቆንጆ ስንጥቅ ነው ሚስልልኝ!! ምኑ ነው ያሳቀው? ቀዳዳው በዝቶ ከሆነ በምን ሂሳብ ነው ሚቀነሰው፣ ጄሉስ ስህተት ነው ወይ፣ የድንጋዩን ስትረስስ (ድንጋዩ ምን ያህል ተጨምቆ እንዳለ) ከየት ነው ማመጣው። ማቅረቢያው ሶስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ምንም እንደማታውቅ ሰው ቁጠሩኝና ከስር ጀምራችሁ አስረዱኝ።

---

ዌስት_ቴክሳስ_ኮምፕሌሽን

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ሶፍትዌሩ እኩል የሚስለው እኩል አርገሽ ስለነገርሽው ነው። ለአስሩም ክላስተር አንድ አይነት ስትረስ ሰጥተሽዋል ብዬ እወራረዳለሁ፣ ታዲያ ምን ይሳል።

ነገሩን ከግቢ ቧንቧ ጀምሪ። አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤት በአንድ መስመር ውሃ ሲቀዳ፣ ታች ያለው ቤት ቧንቧውን ጥግ ድረስ ከከፈተ ላይኛው ቤት ጠብ አይልም አይደል? ላይኛው እንዲደርሰው የታችኛው ቧንቧ አፉ መጥበብ አለበት። ውሃ ሰነፍ ነው፣ ቀላሉን ነው ሚመርጠው። ፐርፎሬሽን፣ ያ ቧንቧው ላይ ያለው ቀዳዳሽ፣ ማለት ያ ጠባብ አፍ ነው በቃ። ሆን ብለሽ አጥብበሽው፣ ቀላሉም ክላስተር ጋ ለመግባት ፈሳሹ ዋጋ እንዲከፍል ታረጊዋለሽ። ሊሚትድ ኢንትሪ የሚሉት ይሄን ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በቀዳዳው የሚጠፋው ግፊት በፒኤስአይ = 0.2369 × የፈሳሹ ክብደት (ፓውንድ በጋሎን) × የሬቱ ስኩዌር፣ ይሄን ሁሉ ለቀዳዳ ብዛት ስኩዌር × የቀዳዳው ዲያሜትር አራቴ በራሱ ተባዝቶ × የዲስቻርጅ ኮኤፊሸንት (ቀዳዳው ፈሳሹን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ቁጥር) ስኩዌር ታካፍይዋለሽ። ንፁህ ውሃ 8.34፣ ቀዳዳው 0.40 ኢንች፣ ኮኤፊሸንቱ 0.8 ነው እንበል።

ያንቺን 60 ቀዳዳ በ90 በርሜል አስገቢው፣ 271 ፒኤስአይ ይሰጥሻል። አሁን በአንድ 200 ጫማ ስቴጅ ውስጥ ከክላስተር ክላስተር 300 ፒኤስአይ የስትረስ ልዩነት ማየት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ 300 የሚከብደው ክላስተር ምን ይደርሰዋል? ከምንም የማይቆጠር። ቀላሎቹ አብዛኛውን ይጠጡታል ሌላው ጦሙን ያድራል። ፕሮፌሰሩን ያሳቀው ይሄ ነው።

ቀዳዳውን በክላስተር ሶስት አርጊው፣ ጠቅላላ 30፣ ግፊቱ 1,085 ይሆናል። ያ 300 የከበደው ክላስተር አሁን ከቀላሉ 85 በመቶ ያህል ይወስዳል (የ 785 ለ 1,085 ስኩዌር ሩት ነው ሌላ ጥበብ የለውም)። በክላስተር ሁለት ካረግሽው ደግሞ 20 ቀዳዳ፣ 2,442 ፒኤስአይ፣ ከ93 በመቶ በላይ። ይሄኛው ኤክስትሪም ሊሚትድ ኢንትሪ የሚባለው ጎራ ነው።

እና በቃ ሁለት ቀዳዳ እናርገው እንዳትይ፣ ዋጋው ከመሬት በላይ፣ ፓምፑ ጋ፣ ነው ሚከፈለው። እስቲ አብረን እንደምር። መዝጊያ ግፊቱ (ስንጥቁ የሚዘጋበት) በጫማ 0.7 ነው ብንል 9,000 ጫማ ላይ 6,300፣ ላዩ 500 ኔት ፕሬዠር (ስንጥቁን ከፍቶ የሚይዘው ትርፍ)፣ 6,800 ሆነ። ከሱ ላይ የውሃውን አምድ ክብደት 3,900 ቀንሺ፣ 2,900 ቀረ። አሁን የቧንቧው ፍሪክሽን (በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት)፦ 90 በርሜል በ5.5 ኬሲንግ ውስጥ ሲሮጥ፣ ፍሪክሽን ሪዲዩሰር (ሰበቃውን የሚቀንስ ኬሚካል) ገብቶበትም ቢሆን፣ በ1,000 ጫማ 250 ፒኤስአይ ገደማ ይበላል። የመጀመሪያዎቹ ስቴጆች ጋ (ቶ የምንለው ጫፍ) 20,000 ጫማ ስለሆነ 5,000 በቃ ሄደ። ድምሩ 7,900። በ30 ቀዳዳ 9,000 ትጠጊያለሽ፣ በ20 ቀዳዳ 10,300 አለፍሽ። ኬሲንግሽና ላይኛው ብረታ ብረት ስንት ድረስ ነው የተፈቀደለት? ብዙ ሎኬሽን (የጉድጓድ ቦታ) ላይ ከ9,500 በላይ አትሄጂም። ሂል (አግድሙ የሚጀምርበት) ጋ ስትደርሺ ግን ፍሪክሽኑ በግማሽ ስለሚወርድ እንደልብሽ ነሽ።

ስለዚህ አንድ አይነት ዲዛይን ለ50ውም ስቴጅ ኮፒ ፔስት አታርጊ። ብዙ ተማሪ (ብዙ መሀንዲስም እንደዛው) የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቶ ጋ ሬቱን ዝቅ አርጊ፣ 80 ብታረጊው ፍሪክሽኑም ወደ 4,000 ይወርዳል፣ እየቀረብሽ ስትመጪ ሬቱን መልሰሽ ቀዳዳ ቀንሺ።

ጄሉን በተመለከተ ጣይው። ለምን እንደሆነ ማታ ከስራ ስወጣ እፅፋለሁ።

---

የድንጋይ_ሰው

ከላይ ያለው ወንድማችን የፃፈው ሂሳብ ልክ ነው። ግን 300 ፒኤስአይ፣ 0.7 ምናምን ብሎ ከኪሱ ነው ያወጣው 😀 ቁጥሩ ራሱ ከየት ይመጣል የሚለውን ልጨምርልሽ።

ስትረሱን ሁለት ቦታ ፈልጊው። አንደኛ ሶኒክ ሎግ፣ ድምፅ በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን የተለካበት መዝገብ። ከድምፁ ፍጥነት ያንግስ ሞዱለስና (የድንጋዩ ግትርነት) ፖይሰንስ ሬሾ (ሲጫኑት ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ) ታወጫለሽ፣ ከዛ ከላይ ያለው ድንጋይ ክብደት (በጫማ 1 ፒኤስአይ ገደማ) በፖይሰንስ ሬሾ በኩል ወደ ጎን ምን ያህል ይገፋል ብለሽ ታሰያለሽ፣ የፖር ፕሬዠሩን (ድንጋዩ ውስጥ ያለውን የፈሳሽ ግፊት) ትጨምሪበታለሽ፣ ቴክቶኒክ የሚባል ማስተካከያ ትጨምሪበታለሽ። ያ ማስተካከያ ምን እንደሆነ ከጠየቅሽኝ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሎጉ ከተለካው ቁጥር ጋር አልገጥም ሲል እስኪገጥም የሚጨመር ነገር ነው።

የተለካው ቁጥር ደግሞ ዲፊት ከሚባል ሙከራ ነው የሚመጣው። ትንሽ ውሃ፣ ጥቂት አስር በርሜል፣ ቀስ ብለሽ ትረጪና ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ፓምፑን አጥፍተሽ ቁጭ ብለሽ ግፊቱ ሲወርድ ታያለሽ። ሼል ስለሆነ ቀናት ይፈጃል አንዳንዴም ሳምንታት። ከዛ ጂ ፈንክሽን የሚባል ግራፍ ላይ ስንጥቁ የተዘጋበትን ነጥብ ትፈልጊያለሽ። ነጥቡ የቱ ነው በሚለው ላይ ደግሞ ሁለት ጎራ አለ፣ ድሮ ጀምሮ ታንጀንት የሚያሰምሩትና ኮምፕላያንስ የሚሉት። በአንድ ዳታ ላይ በመቶዎች ፒኤስአይ ይለያያሉ! ይሄን በሪፖርትሽ ብትፅፊው ፕሮፌሰሩ ደስ ይለዋል፣ የትኛውን እንደመረጥሽና ለምን ብለሽ ፃፊ።

ሌላ ማንም ያልነካው ነገር አቅጣጫ ነው። ስንጥቅ ሁሌም የሚከፈተው ትንሹን ስትረስ ገፍቶ ነው፣ ሩጫው ደግሞ በትልቁ አቅጣጫ። ሚድላንድ ቤዚን ውስጥ ትልቁ አግድም ስትረስ በግምት ምስራቅ–ምዕራብ ስለሆነ ጉድጓዱን ሰሜን–ደቡብ ትቆፍሪዋለሽ፣ ስንጥቆቹ እንደ ተቆራረጠ ዳቦ ጉድጓዱን እየቆረጡ እንዲወጡ። የቁፋሮውን ክፍል የወሰዱት ጓደኞችሽ ምስራቅ–ምዕራብ ቆፍረውት ከሆነ ያንቺ ዲዛይን ከጅምሩ አበቃለት፣ ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂያቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከወንድማችን ጋር አልስማማም። "እኩል ከተከፋፈለ ጨረስን" የሚል የሚመስለው ነገር አይመቸኝም። ሬገን ካውንቲ ውስጥ የአሜሪካ ኢነርጂ ዲፓርትመንት የደገፈው ሃይድሮሊክ ፍራክቸሪንግ ቴስት ሳይት የሚባል ፕሮጀክት አለ፣ ፍራክ ከተደረገ በኋላ በተሰነጠቀው ድንጋይ መሀል ሰያፍ ጉድጓድ ቆፍረው ወደ 600 ጫማ ኮር (የድንጋይ ናሙና) አወጡ። ያው ዎልፍካምፕ ነው፣ ያንቺው ድንጋይ። በመቶዎች የሚቆጠር ስንጥቅ አገኙ፣ ከክላስተሩ ብዛት እጅግ የበዛ፣ አንዳንድ ቦታ ተደራርቦ ተጠጋግቶ። አሸዋ የተገኘበት ግን ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌርሽ የሚስለው ያ አስር ለስላሳ ሳህን መሬት ውስጥ የለም። ፈሳሹ ቀዳዳው በር ላይ እኩል መድረሱ አንድ ነገር ነው፣ ከገባ በኋላ የሚሆነው ሌላ ታሪክ ነው።

---

ዌስት_ቴክሳስ_ኮምፕሌሽን

@የድንጋይ_ሰው ከገባ በኋላ ያለውን እኔ መቆጣጠር አልችልም ወንድሜ፣ በሩን ግን እችላለሁ። የማልችለውን ስለማልችል የምችለውን ልተው? ኮሩን አይቻለሁ (ፎቶውን ማለቴ ነው) ልክ ነህ፣ ግን እኮ ያ ሁሉ ስንጥቅ ከሁለት ክላስተር ብቻ ቢመጣ ኖሮ የባሰ ነበር።

ወደ ጄሉ ልመለስ ቃል ገብቻለሁ። ጄል ማለት ጓር ከሚባል ባቄላ መሳይ ፍሬ የሚሰራ ማወፈሪያ ነው፣ ከቦሬት ጋር ሲያያዝ እንደ አብሽ ሲመታ ወፍሮ ይወጣል፣ አሸዋውን ወጥ አርጎ ይሸከማል። ወፍራም ፈሳሽ ሰፊና አጭር ስንጥቅ ነው የሚከፍተው፣ ሲያልቅ ደግሞ ዝቃጭ ጥሎ ይሄዳል፣ ያ ዝቃጭ አሸዋው መሀል ያለውን መተላለፊያ ይደፍነዋል። ፈሳሽ በደንብ ለሚያስተላልፍ ድንጋይ ሰፊ መንገድ ያስፈልግ ነበር። ሼል ግን ዘይቱ በራሱ አይራመድም፣ አንቺ ነሽ እቤቱ ድረስ መንገድ ምትወስጂለት፣ ስፋት ሳይሆን ብዛትና ርቀት ነው ሚፈለገው። የሚቸል ኩባንያ ባርኔት የሚባል ሼል ላይ፣ ፎርት ዎርዝ አካባቢ፣ በ1997 እና 98 ያገኘው ነገር ይሄ ነው። ወጪ ለመቀነስ ብለው ጄሉን ትተው ውሃ ላይ ፍሪክሽን ሪዲዩሰር ጠብ አርገው ረጩ፣ ርካሹ ከውዱ ተሻለ። ስሊክዋተር የምንለው እሱ ነው።

ጉዳቱ ቀጭን ውሃ አሸዋ አይሸከምም፣ ቶሎ ይዘቅጣል። ለዛ ነው አሸዋው ደቃቅ የሆነው፦ 100 ሜሽ (የወንፊት ቁጥር ነው፣ ሲበዛ አሸዋው ይደቃል) መጀመሪያ፣ ከፈለግሽ መጨረሻ ላይ 40/70። ሬቱም ለዛ ነው ትልቅ የሆነው፣ ፍጥነቱ ነው አሸዋውን ሚገፋው። መሀል ቤት ከፈለግሽ ወፈር ያለ ፍሪክሽን ሪዲዩሰር አለ፣ ዶዙን ከፍ ስታረጊው እንደ ጄል ይሆንልሻል፣ ዛሬ ዛሬ ብዙው ሰው እሱን ነው ሚጠቀመው።

ስኬጁሉን እንዲህ ጀምሪው። በስቴጅ 400,000 ፓውንድ አሸዋና 10,000 በርሜል ውሃ አለሽ፣ በአማካይ በጋሎን 0.95 ፓውንድ ማለት ነው። መጀመሪያ ፓድ፣ ማለትም ባዶ ውሃ፣ ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ በሩን እንዲከፍት። ከዛ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2፣ ምናልባት 2.5 ድረስ ደረጃ በደረጃ። መጨረሻ ላይ ቧንቧውን በንፁህ ውሃ ፍላሽ አርጊ፣ አሸዋ ኬሲንግ ውስጥ ጥለሽ ብትሄጂ ቀጣዩን ፕላግ (ያለቀውን ስቴጅ የሚደፍነውን) እና ጠመንጃ (ቀዳዳውን የሚበሳውን) ምን አርገሽ ታስገቢዋለሽ። በ90 በርሜል አንዱ ስቴጅ ወደ 111 ደቂቃ ይወስዳል። ጉልበቱንም አስይ፣ 9,000 × 90 ለ 40.8 ስታካፍይ ወደ 19,850 ሆርስፓወር ነው፣ አንዱ ፓምፕ ታፔላው ላይ 2,500 ቢልም በሙሉ አቅሙ አታሮጪውም፣ ስለዚህ ስምንት ፓምፕ ይበቃል ብለሽ እንዳትፅፊ፣ ወደ ሃያ አድርጊው።

---

አሸዋ_ጫኝ

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም ሹፌር ነኝ፣ ከከርሚት እስከ ሚድላንድ ያንን ሁሉ አሸዋ ማመላልሰው እኔ ነኝ 😂 ሂሳቡን ሳየው ደስ አለኝ ለካ ለዚህ ነው። እኔ ጋ አንድ ሎድ ወደ 48,000 ፓውንድ ነው፣ እና አንድ ስቴጅ ከስምንት ሎድ ትንሽ በለጥ፣ ሙሉ ጉድጓዱ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ከሆነ ከ400 ሎድ በላይ! 302 ላይ ሌሊት ስትነዱ ከፊት ከኋላ ምታዩት መብራት ሁሉ እሱ ነው።

ድሮ አሸዋው ከዊስኮንሲን በባቡር ነበር ሚመጣው ነጩ፣ ከ2017 2018 በኋላ ነው እዚሁ የበረሃውን አሸዋ ማውጣት የጀመሩት። ጥራቱ ያንሳል ይላሉ እኔ አላውቅም፣ ርቀቱ ግን ቀንሷል ለኛም ኪሎሜትሩ ቀንሷል ማለት ነው። እንደውም እዛ አሸዋ ውስጥ ምትኖር አንዲት እንሽላሊት አለች በ2024 መንግስት ልትጠፋ ነው ብሎ መዘገባት፣ የሰፈሩ ወሬ እሷ ነች።

የኔ ጥያቄ፣ ሎኬሽን ደርሰን አንዳንዴ ስድስት ሰዓት ያቆሙናል "ስክሪን አውት ሆኗል" ብለው። ምንድነው እሱ? አንዴ እንደውም ሁለት ቀን ሙሉ ተጭነን ቆመን፣ የመቆሚያ ክፍያ የሚባለውን ያሰራን ሰውዬ እስካሁን አልከፈለንም እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

---

ዌስት_ቴክሳስ_ኮምፕሌሽን

@አሸዋ_ጫኝ ወንድሜ ካንተ ሁለት ቀን አንዷ የኔ ጥፋት ልትሆን ትችላለች 😅

ስክሪን አውት ማለት አሸዋው በሩ ላይ ተወጥሮ መግባት እምቢ ሲል ነው። ፓምፑ ይገፋል፣ መሄጃ የለም፣ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይተኮሳል። አንዴ ገና አዲስ ሆኜ ማታ ፈረቃ ዳታ ቫኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ 8,600 ላይ ተረጋግቶ እየሄደ ነው፣ 2 ፓውንድ አሸዋ ላይ ነን። የፍሪክሽን ሪዲዩሰሩ ትንሿ ፓምፕ አየር ሳበች። ስክሪኑ ላይ የኬሚካሉ መስመር ዝቅ ስትል አይቻለሁ እኮ! ግን ዓይኔ ግፊቱ ላይ ነው፣ ግፊቱ ደግሞ ገና ምንም አላለም። ለምን መሰላችሁ፣ 20,000 ጫማ የ5.5 ኬሲንግ ወደ 444 በርሜል ነው የሚይዘው፣ በ90 በርሜል አምስት ደቂቃ ገደማ። ቫኑ ውስጥ ያለህ ሰው አሁን የላክኸው ነገር ታች ምን እንዳደረገ የምታውቀው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ኬሚካል የሌለው ውሃ ቧንቧውን እየሞላ ሲሄድ 8,600 የነበረው 8,900፣ 9,200፣ እኔ አሸዋውን ቁረጡ ብዬ ስጮህ 9,500 ነክቶ ፓምፖቹ ራሳቸውን አጠፉ። ባዶ ውሃ ሬቱን መሸከም አቅቶት ነው፣ ሬቱ ሲወርድ ደግሞ አሸዋው ዘቀጠ። በአስር ሺዎች ፓውንድ አሸዋ ኬሲንግ ውስጥ ቀረ። ኮይልድ ቱቢንግ (ተጠቅልሎ የሚመጣ ቀጭን ቧንቧ) መጥቶ እስኪያፀዳው ሁለት ቀን። ተቆጣጣሪው አልተቆጣኝም፣ ቡና ቀድቶ ሰጠኝና "አሁን የትኛውን መስመር ነው መጀመሪያ ምታየው?" አለኝ። ከዛ ወዲህ መጀመሪያ ኬሚካሏን ነው ማየው።

ለተማሪዋ ይሄ ምኑ ነው ካላችሁ፣ ዲዛይኑ ውስጥ "ግፊቱ እዚህ ከደረሰ አሸዋ እቆርጣለሁ፣ እዚህ ከደረሰ ሬት እቀንሳለሁ" የሚል ገፅ ይኑረው። ከሶፍትዌሩ ስእል ይልቅ እሷ ገፅ ናት ሎኬሽን ላይ ምትሰራው።

---

ዳላስ_ታዛቢ

ይቅርታ ላበላሽባችሁ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ለአንድ ጉድጓድ 500,000 በርሜል ውሃ ነው፣ 21 ሚሊዮን ጋሎን፣ በረሃ ውስጥ! የመሬት መንቀጥቀጡስ? ኦክላሆማ በ2016 ፖኒ ላይ 5.8 የደረሰው ረሳችሁት? ዲዛይን ዲዛይን ትላላችሁ እሱን ማን ነው ዲዛይን ሚያረገው። ደግሞ ነገ ኦጋዴን ላይ ይሄንኑ ልታመጡብን ነው።

---

የድንጋይ_ሰው

@ዳላስ_ታዛቢ ጥያቄህ ተገቢ ነው ግን ሁለት ነገር አቀላቅለሃል። ፖኒ ላይ የሆነው ከፍራኩ ራሱ ሳይሆን ከዘይቱ ጋር አብሮ የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ መልሶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከማስወገድ ጋር ነው የተያያዘው። የአንድ ጉድጓድ ፍራክ ለቀናት ወይ ለሳምንታት ነው፣ ያ ግን ለዓመታት ቀን ከሌት ይረጫል፣ ግፊቱ ቀስ እያለ የቆየ ፎልት (የመሬት ስብራት) ጋ ይደርሳል። ሚድላንድ አጠገብ ጋርደንዴል አካባቢም በ2021 መጨረሻ የቴክሳሱ ሬልሮድ ኮሚሽን ጥልቅ ማስወገጃ ጉድጓዶችን አስቁሟል። (አዎ፣ ስሙ የባቡር ኮሚሽን ነው፣ ስራው ግን ነዳጅ ነው፣ አትጠይቁኝ።) ፍራክ ራሱም አንዳንድ ቦታ መሬት ያነቃንቃል፣ የለም አልልም። መፍትሄ የሚባለው የወጣውን ውሃ አጣርቶ ለቀጣዩ ፍራክ መጠቀም ነው፣ ብዙዎች ይሄን ጀምረዋል፣ ንፁህ ውሃውንም ይቆጥባል ማስወገጃውንም ይቀንሳል። ተማሪዋ ይሄን ከፃፈች ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ የሚሰራ ፍሪክሽን ሪዲዩሰር መምረጥ አለባት፣ ተራው ጨው ላይ ሲደርስ ይከሽፋል።

ኦጋዴን ሌላ ነው። የካሉብ ጋዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ቴኔኮ ያገኘው ነው፣ ያለውም ሳንድስቶን ውስጥ ነው፣ ካሉብ ሳንድስቶንና አዲግራት ሳንድስቶን። አዎ አዲግራት፣ ትግራይ ላይ ገደሉ ላይ የምታየው ድንጋይ ኦጋዴን ስር ገብቶ ነው ጋዝ የያዘው። ሼሉ ቦክ ሼል የሚባለው አለ፣ እሱ የጋዙ እናት ነው ይባላል እንጂ እዚህ ቴክሳስ እንደምናደርገው በቀጥታ ከሱ ለማውጣት የተቆፈረ ነገር አይደለም። እዛ 50 ስቴጅ ሚረጭ ሰው የለም፣ 400 ሎድ አሸዋ በየትኛው መንገድ ይሄዳል።

---

ሼል_ተማሪ

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። በመጀመሪያ የቁፋሮ ልጆቹን ጠየኳቸው፣ ሰሜን–ደቡብ ነው፣ ተርፌአለሁ።

እንደነገራችሁኝ ሶፍትዌሩ ላይ ለየክላስተሩ ከሎጉ የወጣ የተለያየ ስትረስ ሰጠሁት። በ60 ቀዳዳ አስሮጥኩት። አስር ቆንጆ ስንጥቅ የነበረው አራት ሆነ!! ስድስቱ ጭራሽ አልተከፈቱም፣ አንደኛው ደግሞ ብቻውን ሲሶውን ወስዶ ጎረቤት ጉድጓድ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በ30 ቀዳዳ ዘጠኙ ተከፈቱ። ፕሮፌሰሩን ያሳቀው ሲገባኝ እኔም ብቻዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ሳቅኩ።

ቶ ጋ 80 በርሜል በ30 ቀዳዳ አርጌ 857 ፒኤስአይ መጣልኝ፣ ከላይ ያለው ግፊት 7,800 አካባቢ። መሀል ላይ 90 በ30፣ ሂል ጋ 90 በ20። ልክ ነኝ? አንድ ያልገባኝ ነገር አለ ግን፣ ይሄ 857 ስቴጁ እስኪያልቅ 857 ነው ሚቆየው? አሸዋው ቀዳዳውን አይበላውም?

---

ዌስት_ቴክሳስ_ኮምፕሌሽን

ይሄን ጥያቄ ራስሽ ማምጣትሽ ጎበዝ ነሽ፣ ቀጥሎ ፕሮፌሰሩ ሚጠይቅሽ እሱን ነበር።

ይበላዋል፣ ክፉኛ። 0.40 የነበረው ቀዳዳ 0.48 ቢሆን ዲያሜትሩ አራቴ ስለሚባዛ ብቻውን ግፊቱን ከግማሽ በታች ያወርደዋል፣ ጠርዙም ስለሚለሰልስ ኮኤፊሸንቱ ወደ 0.9 ይወጣና ጭራሽ ይወርዳል። የከፋው ደግሞ እኩል አይበላም፣ መጀመሪያ ብዙ አሸዋ የወሰደው ክላስተር ይሰፋል፣ ስለሰፋ ብዙ ይወስዳል፣ ስለወሰደ ይሰፋል። ካሜራ አስገብተን ስናይ አንዱ ቀዳዳ እንደነበረ አለ ጎረቤቱ ጠርዙ ተበልቶ እንቁላል መስሏል። ከስር ያሉት ቀዳዳዎች አሸዋው በክብደቱ ወደነሱ ስለሚወድቅ የባሰ ይበላሉ፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው አሁን ቀዳዳውን ሁሉ ወደ ላይ ብቻ አዙሮ ሚተኩሰው፣ ጠመንጃውም ከኬሲንጉ ያለው ርቀት አንድ አይነት ስለሚሆን ቀዳዳው እኩል ይወጣል። አንቺም እንደዛ አርጊ። 857ቱንም መነሻ ብለሽ ውሰጂው፣ ከተበላ በኋላ ስንት ይቀራል የሚለውን አስይና እሱም ከስትረስ ልዩነትሽ በላይ መሆኑን አረጋግጪ። አልበለጠ ካለሽ 27 ወይም 24 ቀዳዳ ሞክሪ፣ ቶ ጋ ገና ወደ 1,700 ፒኤስአይ ቦታ አለሽ እኮ።

መጨረሻ ላይ ስቴፕ ዳውን ቴስት ጨምሪበት፣ ሬቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ ግፊቱን ማየት ነው። የቀዳዳው ፍሪክሽን ከሬቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፣ ከቀዳዳው ጀርባ ያለው ጥምዝምዝ መንገድ ግን ከስኩዌር ሩቱ ጋር፣ ስለዚህ ስንት ቀዳዳ በእውነት እንደተከፈተ መለየት ትችያለሽ። ስዕሉ ሲያምር አትመኚው።

---

አሸዋ_ጫኝ

እኔ የገባኝ አሸዋው ያው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ነው አይደል? ቀዳዳ ነው እንጂ የቀነሰው ሎድ አልቀነሰም?

---

ሼል_ተማሪ

አልቀነሰም አትስጋ 😂 ግን የመጀመሪያው ስቴጅ ላይ ተጣበቅኩ፣ ጠመንጃውን በውሃ ገፍተን ነው ምናስገባው ተብሏል፣ ገና አንድም ቀዳዳ ሳይኖር ውሃው ወዴት ይሄዳል?

---

ዌስት_ቴክሳስ_ኮምፕሌሽን

የትም አይሄድም፣ ለዛ ነው ኬሲንጉ ጫፍ ላይ ቶ ስሊቭ (በግፊት የሚከፈት በር) ተገጥሞ ሚወርደው። ከላይ ግፊት ስትጨምሪበት ይከፈታል፣ ውሃው መውጫ አገኘ ማለት ነው፣ ከሁለተኛው ስቴጅ ጀምሮ ጠመንጃሽን እየገፋሽ ትወርጃለሽ። ዲፊትሽንም እዛው ላይ ስሪው፣ ሌላ ቀዳዳ ስለሌለ ንፁህ ዳታ ነው።